ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ፦ ስለ አንጎል ጥናት ቡድን የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከአራት ኪሎ ተነስቶ ስድስት ኪሎ ለመድረስ በእግር ሃያ ደቂቃ ገደማ ይበቃል። አራት ኪሎ ላይ የኮምፒውተርና የባዮሎጂ ሰዎች አሉ። አምስት ኪሎ ላይ ኢንጂነሮቹ። ስድስት ኪሎ ላይ የሥነ ልቦና፣ የቋንቋና የፍልስፍና ሰዎች። ሐኪሞቹ ወደ ታች ጥቁር አንበሳ ናቸው። ሁሉም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። አንጎልንና አስተሳሰብን ለማጥናት የሚያስፈልገው የሙያ ዓይነት ሁሉ በዚህ ሰፈር አለ ማለት ይቻላል። አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኘው ግን ጥቂቱ ነው።

ባለፈው ሰሞን ሁለት የማስተርስ ተማሪዎች የጋራ የጥናት ቡድን ሊያቋቁሙ አስበው አማከሩኝ። የአረጋውያንን የማስታወስ ችሎታ ማጥናት ይፈልጋሉ። ማኪያቶ ይዘን ተቀመጥን። አንድ ወረቀት አወጡ። የ12 ሰው ስም ተጽፎበታል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ያን ቀን የሰማኋቸው ነገሮች አዲስ አልነበሩም። ደጋግሜ ስለምሰማቸው አንድ በአንድ ላንሳቸው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አንጎል የሐኪም ሥራ ነው»

ከ12ቱ ስሞች ዘጠኙ ሐኪሞች ነበሩ። ሐኪም ያስፈልጋል፣ ምንም ጥያቄ የለውም። ግን የአስተሳሰብ ሳይንስ ራሱ የተወለደው በተቀላቀለ ጉባኤ ነው። በመስከረም 1956 አሜሪካ ኤምአይቲ በሚባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ላይ የሥነ ልቦናው ጆርጅ ሚለር፣ የቋንቋው ኖአም ቾምስኪ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይዘው የመጡት አለን ኒዌልና ኸርበርት ሳይመን በአንድ ቀን ተናገሩ። ብዙዎች የዘርፉን ልደት ከዚያ ቀን ይቆጥራሉ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ሰው በበዛ ቁጥር ይፈጥናል»

ተረቱ ትክክል ነው። ድር የሚያብረው ግን ሸማኔ ሲያገኝ ነው።

ቁጥሩን እንየው። አምስት ሰው ያለበት ቡድን ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው የሚነጋገሩበት መንገድ 10 ነው። 12 ሰው ሲሆን 66 ይሆናል። «እኔ እኮ አልሰማሁም» የሚባለው ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው። በ2019 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከ65 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎችን፣ ፓተንቶችንና ሶፍትዌሮችን መርምሮ ነበር። ትንንሽ ቡድኖች አዲስ መንገድ የመክፈት ዝንባሌ አላቸው፤ ትልልቆቹ ደግሞ የተከፈተውን ያሰፋሉ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ገና ጥያቄውን እየፈለገ ያለ ቡድን ግን በ12 ሰው መጀመር የለበትም።

እዚህ ላይ የሚምታታ ነገር አለ። ብዙ አጥኚና ብዙ ተጠኚ አንድ አይደሉም። የአንጎልን ምስል ከሰው ባህርይ ጋር ለማያያዝ አስተማማኝ ውጤት የሚገኘው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲጠኑ እንደሆነ በ2022 የወጣ ሰፊ ትንተና አሳይቷል። ያን ያህል ሰው አንድ ላብራቶሪ ብቻውን አያገኝም። ብዙ ትንንሽ ቡድኖች በአንድ ዓይነት መንገድ እየለኩ ሲደማመሩ ግን ይገኛል። ለእኔ ይሄ ከደቦ ይልቅ ወንፈልን ይመስላል። ደቦ ተጠርቶ፣ ተሠርቶ፣ ጠላው ተጠጥቶ ይበተናል። ወንፈል ግን ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ ማሳ ነው። ተራው ይታወቃል።

«ገንዘብ ከተገኘ ሌላው ይስተካከላል»

በ2013 የተጀመረው የአውሮፓ የሰው አንጎል ፕሮጀክት በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 600 ሚሊዮን ዩሮ ወጥቶበታል። በተጀመረ በዓመቱ፣ በ2014፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች አመራሩንና አቅጣጫውን ተቃውመው ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። አደረጃጀቱም ተቀየረ። ገንዘብ ያልተነጋገሩበትን ነገር አይነጋገርላችሁም።

«ፈተናው አለ፤ መተርጎም ብቻ ነው»

ይሄኛው ላይ ልቆይ፤ ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

ተማሪዎቹ ሊጠቀሙበት ያሰቡት በ1975 የወጣውን ሚኒ ሜንታል ስቴት የሚባለውን የ30 ነጥብ ፈተና ነው። አንዱ ጥያቄ «ዎርልድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ፊደሎቹን ከኋላ ወደ ፊት መጥራት ነው። አምስት ፊደል፣ አምስት ነጥብ። በአማርኛ «ዓለም» ስንለው ሦስት ፊደል ሆነ። ም፣ ለ፣ ዓ፤ አለቀ። ሁለቱ ነጥቦች የት ይግቡ? ሌላ ባለ አምስት ፊደል ቃል እንፈልግ ብንልስ? የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይዟል፤ ገልብጦ መጥራት እኩል ይከብዳል ማለት አይቻልም። ጭራሽ ፊደል ያልቆጠሩ እናት ሲመጡስ? ይሄን የሚመልሰው የነርቭ ሐኪሙ አይደለም። ስድስት ኪሎ ያለው የቋንቋ ሰው ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ስሙ የለም።

ሌላ ጥያቄ አለ፦ «አሁን ወቅቱ ምንድን ነው?» መጋቢት ላይ አንዲት እናት ይሄን ቢጠየቁ «ሁዳዴ ነዋ ልጄ!» ሊሉ ይችላሉ። መልሱ ስህተት ነው? እኚህ እናት በጊዜ ውስጥ የት እንዳሉ ከጠያቂው የበለጠ ያውቃሉ። ወረቀቱን ብቻ ይዞ የሄደ መረጃ ሰብሳቢ ግን ዜሮ ይሰጣቸዋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ያን ዜሮ ከሌሎች ዜሮዎች ጋር ደምሮ «የማስታወስ ችግር» ይለዋል። እኚህን እናት ሳስብ ነገሩ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ፈተናው ከመተርጎሙ በፊት የቋንቋ፣ የሥነ ልቦናና የሕክምና ሰው አንድ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱ ጥያቄ ምን ለመለካት እንደተፈጠረ ይጠይቁ። ከዚያ ይተርጎም። ሌላ ሰው ደግሞ ዋናውን ሳያይ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ከዚያ ጤነኛ አረጋውያን ላይ ይሞከር። ወራት ይፈጃል። ይፍጅ።

«ዳታው እንዴት ይያዝ የሚለው ኋላ ይደረስበታል»

እኔ የነበርኩበት አንድ ቡድን ስለ እንቅልፍና ትኩረት ያጠና ነበር። ተሳታፊዎች የተኙበትንና የተነሱበትን ሰዓት ይነግሩናል፤ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ይመዘግባሉ። አራት ወር ሙሉ ተመዘገበ። አንድ ቀን ኤክሴሉን ከፍተን ስናይ አንዲት አስተማሪ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኝታ ከቀኑ 6 ሰዓት ትነሳለች ይላል። አስተማሪ!

ነገሩ ቀላል ነው። ሴትዮዋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝታ ጠዋት 12 ሰዓት ነው የምትነሳው። ሰብሳቢው 4፡00 እና 12፡00 ብሎ ጻፈ። ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ሰዓት አነበበው። የእንቅልፉ ርዝመት በሁለቱም 8 ሰዓት ስለሚመጣ ማንም አልጠረጠረም። ሌላኛው ሰብሳቢ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነበር የሚጽፈው። ማን የትኛውን እንደጻፈ ለመለየት ስንት ቀን ቅጾቹን አገላበጥን። ያልተለየውን ጣልነው። እነዚያ ሰዎች ጊዜያቸውን ሰጥተውን ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ዘመኑም እንዲሁ ነው። እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይለያያል። ጳጉሜን ላይ የመጣ ተሳታፊ ደግሞ 13ኛ ወር የማያውቅ ኤክሴል ይገጥመዋል። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ሲባል ቀኑ ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም?

መድኃኒቱ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የመጀመሪያው ተሳታፊ ከመምጣቱ በፊት ተጽፎ ሁሉም ይፈርምበታል። ቅጹ ላይ በእኛ ሰዓትና ዘመን ይጻፍ፣ ሰው የሚናገረው እንዲያ ነው። ወደ ፋይሉ ሲገባ ግን አንድ ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም ብቻ ይቀይረው። የፋይል ስም አሰጣጡም ያው ነው፤ ለአንጎል ምስልና ለአንጎል ሞገድ ከ2016 ጀምሮ እየዳበረ የመጣ ቢድስ የሚባል የጋራ ሥርዓት አለ፤ የራሳችሁን አትፍጠሩ። እግረ መንገዴን፦ ተሳታፊው የሚፈርመው የስምምነት ቅጽ ላይ ዳታው ለማን ለማን እንደሚጋራ ካልተጻፈ፣ ኋላ «ለአምስት ኪሎዎቹ እንላክላቸው» ማለት አይቻልም። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ያጸደቀው የተጻፈውን ብቻ ነው።

«ኤምአርአይ ከሌለን ምን ልንሠራ?»

ብዙ። የአንጎልን ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግበው ኢኢጂ የአንጎልን ምስል ከሚያነሳው ከኤምአርአይ በጣም ይረክሳል። ትኩረትንና ትውስታን በመልስ ፍጥነት ለመለካት ደግሞ ላፕቶፕና ሳይኮፒ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ይበቃሉ።

ኢኢጂም ራሱ ቡድን ይፈልጋል። ሞገዱን የሚቀበለው ትንሽ ቁራጭ፣ ኤሌክትሮዱ፣ የራስ ቆዳን መንካት አለበት። ጸጉር ወፍራምና ጥቅጥቅ ሲል አይነካም። ሹሩባ የተሠራች ተሳታፊ ስትመጣ «ፈትተሽው ነይ» የሚል ላብራቶሪ አለ። ግማሽ ቀን የተቀመጠችበትን ነገር ማለት ነው! በካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2020 ነገሩን ገልብጠው አዩት። ጸጉሩን በኤሌክትሮዶቹ ቦታ ልክ በሹሩባ ከፋፍለው፣ በጉንጉኖቹ ተይዞ የሚቆም ኤሌክትሮድ ሠሩ። ንክኪው ተሻሻለ። ይሄ ሐሳብ ከእኛ ሰፈር መምጣት ይችል ነበር እላለሁ። ኢንጂነሩና ሹሩባ የምትሠራው ሴት አንድ ቀን አብረው ቢቀመጡ ኖሮ።

«ወንድማማች ነን፤ የስም ቅደም ተከተሉን ስንጨርስ እናየዋለን»

ዕቁብ እንኳን ዳኛና ጸሐፊ አለው። ጎረቤታሞች ስለማይተማመኑ ነው? አይደለም። እንደተማመኑ እንዲቆዩ ነው።

ጽሑፍ ላይ ማን አንደኛ ይጻፍ የሚለው በመጨረሻ ሲነሳ ሁሉም የራሱን ድካም ብቻ ነው የሚያስታውሰው። 14 የሥራ ድርሻዎችን የሚዘረዝር ክሬዲት የሚባል ሥርዓት አለ፦ ሐሳቡን ያመነጨ፣ ዳታ የያዘ፣ ሶፍትዌር የጻፈ፣ ረቂቁን የጻፈ እያለ ይሄዳል። ቡድኑ በተቋቋመ ሳምንት ዝርዝሩን አውጥታችሁ ስም ሙሉበት። በየስድስት ወሩ አስተካክሉት። ለዲፓርትመንት ኃላፊነቱ ብቻ ስሙ የሚገባ ሰው አይኑር፤ ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች መመዘኛም ይሄን አይፈቅድም። ይሉኝታ እንደሚይዛችሁ አውቃለሁ። ከይሉኝታ ይልቅ ኩርፊያው ነው የሚከፋው።

«ከውጭ አጋር ከመጣ ጥያቄው የእነሱ፣ መሰብሰቡ የእኛ ነው»

ቡታጅራን ተመልከቱ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ከ1998 እስከ 2001 ድረስ 68,378 አዋቂዎችን አነጋግረው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለዩ። መጠይቅ ብቻ አልያዙም። በየመንደሩ ሰው የሚያውቁ የአካባቢ ነዋሪዎችንም ጠየቁ። መጠይቁ የሚስተውን ጎረቤት ያውቀዋል። ያ እውቀት ከውጭ በሻንጣ አይመጣም። አጋር ሲመጣ «ጥያቄውን አብረን እንጻፍ» በሉ፤ ዳታው የት እንደሚቀመጥ፣ የእኛ ተማሪዎች ትንተናውን የት እንደሚማሩ ውሉ ላይ ይግባ።

«ጥሩ ቡድን አይጨቃጨቅም»

በ2020 በወጣ ጥናት 70 ቡድኖች አንድ ዓይነት የኤምአርአይ ዳታ ተሰጣቸው፤ የ108 ሰዎች። ዘጠኝ ጥያቄዎችን እንዲመልሱ ተባሉ። አተናተናቸው አንድ የሆነ ሁለት ቡድን አልተገኘም። በአንዳንዱ ጥያቄ ላይ መልሳቸውም ተለያየ። ሁሉም ብቁ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ በእናንተ ቡድን ውስጥ ሁሉም ወዲያው ከተስማማ ምናልባት አንድ ሰው ብቻ ነው ያሰበው። ክርክሩ ዳታው ከመከፈቱ በፊት ይሁን። የተስማማችሁበት የትንተና ዕቅድም ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ።

«ቡድኑ ማለት ፕሮፌሰሩ ነው»

ፕሮፌሰሩ በር ይከፍታሉ። ቡድኑን ከቀን ወደ ቀን የሚያቆመው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ረዳት ወይም ተማሪ ነው። እሱ ተመርቆ ሲሄድ ላብራቶሪው ዝም ይላል፤ የሚያውቀው ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነበርና። ስለዚህ ደብተር ይኑር። «7ኛው ገመድ ሲታጠፍ ይቋረጣል፣ በቀኝ በኩል አስደግፉት» የሚል ዓይነት። «መብራት ሄዶ ሲመጣ የመጀመሪያውን 5 ደቂቃ አትቅረጹ» የሚል ዓይነት።

ያን ቀን ከማኪያቶ ቤቱ ስንወጣ ከ12ቱ ስሞች ሰባቱ ተሰርዘው ነበር። አንድ ተጨመረ፣ የቋንቋ ሰው። ከየስሙ አጠገብ የሚሠራው ሥራ ተጻፈ። ደብተሩን ማን ይይዛል የሚለው ቦታ ግን ገና ባዶ ነው።