ባዮፊዚክስ በድኅረ ምረቃ ደረጃ፦ በወሎ ለሚማሩ አጠቃላይ ዳሰሳ

ባዮፊዚክስ ወይም የሕያው ቁስ ፊዚክስ ፕሮቲን፣ ሴል፣ ደም፣ የአንበጣ መንጋ በፊዚክስ ሕግ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ፣ ቅርጻቸውን እንዴት እንደሚይዙና ኢነርጂ እንዴት እንደሚጠቀሙ የሚያጠና ዘርፍ ነው። የባዮሎጂ ባለሙያ "ይህ ፕሮቲን ሥራው ምንድን ነው?" ብሎ ሲጠይቅ፣ የባዮፊዚክስ ተማሪ "በስንት ፎርስ? በምን ፍጥነት? በስንት ኢነርጂ?" ይላል። መልሱ በቁጥር፣ ቁጥሩም ከነስህተቱ መጠን መቅረብ አለበት።

ተማሪው ከሁሉ በፊት በቃሉ ሊይዘው የሚገባ አንድ ቁጥር አለ። የቦልትዝማን ቋሚ በኬልቪን በተለካ የሙቀት መጠን ሲባዛ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 4.1 ፒኮኒውተን ናኖሜትር ይሆናል። ይህ በዙሪያችን ያለው የሞለኪውሎች ንውጽውጽታ ለእያንዳንዱ ቅንጣት የሚሰጠው ኢነርጂ መለኪያ ነው። በሴል ውስጥ ዕቃ የሚያጓጉዘው ካይኔሲን የተባለው ፕሮቲን በአንድ እርምጃ 8 ናኖሜትር ይጓዛል፤ እስከ 6 ፒኮኒውተን ገደማ የሚደርስ ፎርስም ይቋቋማል። ሁለቱ ሲባዙ 48 ይመጣል፤ ከሙቀቱ ንውጽውጽታ ወደ 12 እጥፍ ማለት ነው። ለእርምጃው የሚቃጠለው አንድ የኤቲፒ (የሴል ነዳጅ) ሞለኪውል ደግሞ በሴል ውስጥ የንውጽውጽታውን 20 እጥፍ ያህል ይሰጣል። በዚህች አጭር ስሌት ብቻ ካይኔሲን፣ ማለትም የሴሉ ሞተር፣ ካገኘው ኢነርጂ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ወደ ሥራ ሊለውጥ እንደሚችል ይታወቃል።

የትምህርቱ ይዘት

ማስተርስ በአገራችን በአብዛኛው ሁለት ዓመት ነው፤ አንደኛው ዓመት በኮርስ፣ ሁለተኛው በመመረቂያ ጽሑፍ ያልፋል። የትምህርቱ የጀርባ አጥንት ስታቲስቲካል ሜካኒክስ፣ ማለትም የብዙ ቅንጣቶችን የጋራ ጠባይ በፕሮባቢሊቲ የሚያሰላው ፊዚክስ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የዘፈቀደ ሂደቶች ይመጣሉ፤ በዘፈቀደ የሚገፋ ቅንጣትን እንቅስቃሴ የሚገልጹት የላንጅቫንና የፎከር ፕላንክ እኩልታዎች የሚገኙት እዚህ ነው። የፖሊመርና የሜምብሬን ፊዚክስ፣ የፈሳሾች እንቅስቃሴ፣ የነርቭ ኤሌክትሪክ፣ የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ይከተላሉ። የሴል ባዮሎጂና ባዮኬሚስትሪም አይቀሩም።

ከፊዚክስ የመጣ ተማሪ የሚቸገረው በባዮሎጂው ነው፤ እኩልታውን ይፈታል፣ የፈታው ነገር በሴል ውስጥ መኖር አለመኖሩን ግን አይጠይቅም። ከባዮሎጂ የመጣው በዲፈረንሻል እኩልታና በፕሮባቢሊቲ ይያዛል። ሁለተኛው ክፍተት ለመሙላት ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ፣ ከባዮሎጂ የሚመጣ ሰው ከመመዝገቡ በፊት ያለውን ክረምት ለሒሳብ ቢሰጥ ይሻለዋል።

በኢትዮጵያ መስኩ ባዶ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በስታቲስቲካል ፊዚክስ፣ በተለይም ከሙቀት ንውጽውጽታ ሥራ በሚያወጡ የብራውኒያን ሞተሮች ላይ ሠርተዋል። በሰብአዊ መብት ጥብቅናቸውም እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፊዚካል ሶሳይቲ የአንድሬ ሳካሮቭ ሽልማት ተቀብለዋል።

በወሎ ምድር ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲና መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አሉ። የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ክፉኛ ተጎድተው ነበር። ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት በዘርፉ የሚያማክር መምህር መኖሩንና የትኛው መሣሪያ በእርግጥ እንደሚሠራ በአካል ሄዶ ማየት አለበት፤ በዕቃ ዝርዝር ላይ መስፈሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ወደ ውጭ ለሚያስብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በአብዱስ ሰላም የተመሠረተው የትሪየስት ዓለም አቀፍ የቲዎሪቲካል ፊዚክስ ማዕከል ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች የሚሰጠው የአንድ ዓመት ዲፕሎማ አለ። ከክፍሎቹ አንዱ ሕይወትን በቁጥር ለማጥናት የተለየ ነው።

ደጋው የሚለውጣቸው ቁጥሮች

የላብራቶሪ መመሪያዎች በአብዛኛው የተጻፉት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይሉ ከተሞች ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናቸው። በደሴ የአየር ግፊቱ ወደ 75፣ በኮምቦልቻ ወደ 81 ኪሎፓስካል ነው፤ በባሕር ጠለል 101 ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በአውቶክሌቭ ነው። ዕቃንና የባክቴሪያ ምግብን ከጀርም ለማጽዳት እንፋሎቱ 121 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ለዚያ በውስጡ ያለው ጠቅላላ ግፊት 205 ኪሎፓስካል መሆን ይኖርበታል። የመሣሪያው ጌጅ የሚያነበው ግን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። መመሪያው "15 ፒኤስአይ" (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች) ሲል ከሥሩ የባሕር ጠለል ግፊት እንዳለ አስቦ ነው። ደሴ ላይ ጌጁ 15 ሲያሳይ የውስጡ ሙቀት ከ116 እስከ 117 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ሙቀትን የሚቋቋሙ የባክቴሪያ ስፖሮች ሊተርፉ ይችላሉ። ትክክለኛው ንባብ ለደሴ ወደ 19፣ ለኮምቦልቻ ወደ 18 ፒኤስአይ ነው። ከዚያ በፊት ግን መሣሪያው ይህን ግፊት እንዲሸከም የተሠራ መሆኑንና የደኅንነት ቫልቩ በስንት እንደሚከፈት ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ካልቻለ ጊዜውን ማስረዘም ይሻላል። ውስጡ የታመቀው አየር ተጠርጎ ካልወጣ ደግሞ ጌጁ ትክክል እያነበበም ሙቀቱ ያንሳል።

የሴል ማሳደጊያ ኢንኩቤተርም እንዲሁ ነው። 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደሴ አየር ውስጥ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያነሰ ጋዝ ማለት ነው፤ ሴሎቹ የሚያድጉበት የባይካርቦኔት መፍትሔ ፒኤች በ0.13 ያህል ከፍ ይላል። የባሕር ጠለሉን ያህል ጋዝ ለማግኘት 6.7 በመቶ አካባቢ ማድረግ ያስፈልጋል። ሴሎቹ "ያለ ምክንያት" ቀስ ብለው ካደጉ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ልኬት፦ የብራውን እንቅስቃሴ

ሮበርት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1827 ከአበባ ብናኝ የወጡ ቅንጣቶች ውሃ ውስጥ ሲንቀጠቀጡ አየ። አይንስታይን በ1905 ምክንያቱን በስሌት አሳየ፤ ዣን ፔራን ደግሞ በሙከራ አረጋገጠና በ1926 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ይህ ሙከራ ዛሬም ለጀማሪ የባዮፊዚክስ ተማሪ ከሁሉ የተሻለ መግቢያ ነው ብለን እናምናለን፤ የሚጠይቀው በየጤና ጣቢያው ለወባ ምርመራ የሚውለውን ዓይነት ማይክሮስኮፕ፣ ስልክና ላፕቶፕ ብቻ ነውና።

ለልምምድ ወተት ይበቃል። አንድ ጠብታ ወተት በ10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ከዚያ አንድ ጠብታ በስላይድ ላይ ተደርጎ በስስ መሸፈኛ ብርጭቆ ይከደናል፤ ዙሪያው በቫዝሊን ወይም በጥፍር ቀለም ይታሸጋል። ካልታሸገ ውሃው ከጠርዝ እየተነነ ፈሳሹን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ በደረቁ የደጋ አየር ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። በ40 እጥፍ ኦብጀክቲቭ የቅባት ጠብታዎቹ ሲርገበገቡ ይታያሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን ወተት አይሆንም። የጠብታዎቹ መጠን የተለያየ ነው፤ የዚህ ኦብጀክቲቭ የማየት አቅምም በግማሽ ማይክሮሜትር ላይ ስለሚያበቃ የአንድ ማይክሮሜትር ጠብታን ስፋት በትክክል መለካት አይቻልም። መጠናቸው የታወቀ የፖሊስታይሪን ዶቃዎች ያስፈልጋሉ።

ቪዲዮው በሴኮንድ 30 ምስል ለአንድ ደቂቃ ይቀረጻል፤ 1,800 ምስል ይገኛል። በስልኩ ላይ የምስል ማረጋጊያውና አውቶፎከሱ መጥፋት አለባቸው። ማረጋጊያው ካልጠፋ ሊለካ የታሰበውን እንቅስቃሴ ራሱን ያጠፋዋል። ከዚያ በዚያው ኦብጀክቲቭ የ0.01 ሚሊሜትር ክፍፍል ያለው የማይክሮስኮፕ መለኪያ ስላይድ ፎቶ ይነሳል፤ አንድ ፒክስል ስንት ማይክሮሜትር እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። የቅንጣቶቹን ዱካ ኢሜጅጄ ወይም በፓይተን የሚሠራው ትራክፓይ በነፃ ያወጣል።

ከዱካው የርቀት ስኩዌር አማካይ ይሰላል፤ በጊዜ ላይ ሲሣል ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣል፣ የመስመሩም ቁልቁለት የዲፊውዥን መጠን (ቅንጣቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሰራጭ የሚለካው ቁጥር) አራት እጥፍ ነው። ስፋቱ 1 ማይክሮሜትር ለሆነ ዶቃ በ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 0.49 ማይክሮሜትር ስኩዌር በሴኮንድ፣ በ20 ዲግሪ 0.43፣ በ15 ዲግሪ 0.37 መምጣት አለበት። ልዩነቱን የሚያመጣው በዋናነት የውሃው ቪስኮሲቲ (ለመፍሰስ ያለው ተቃውሞ) ነው። ኮምቦልቻ በቀትርና ደሴ በማለዳ የተወሰዱ ሁለት ልኬቶች ሩብ ያህል ቢለያዩ ሊያስገርም አይገባም። ቴርሞሜትሩ መነበብ ያለበት ከስላይዱ አጠገብ ነው፤ የማይክሮስኮፑ አምፖል ራሱ ያሞቃልና።

መስመሩ ሲበላሽ ብልሽቱ ምን እንደሆነ ራሱ ይናገራል። ወደ ላይ ከታጠፈ ፈሳሹ እየፈሰሰ ነው፤ የሁሉንም ቅንጣቶች የጋራ ጉዞ መቀነስ ያስፈልጋል። ከዜሮ በላይ ከጀመረ የቅንጣቱ ቦታ በትክክል አልተለየም። ወደ ታች ጎብጦ ከተኛ ቅንጣቱ ብርጭቆው ላይ ተጣብቋል። መስመሩ ቀጥ ብሎም ቁጥሩ በሩብ ያህል ካነሰ ደግሞ፣ ዶቃው ከመስታወቱ በጣም ቀርቧል፤ መሐሉ ከግድግዳው በአንድ ስፋቱ ርቀት ላይ ሲሆን የውሃው ተቃውሞ የሚያደርስበት ቅነሳ ይህን ያህል ነው። ትኩረቱን ከብርጭቆው ቢያንስ 20 ማይክሮሜትር ከፍ ማድረግ ይፈታዋል። ከረጅሙ የጊዜ ክፍል የሚመጡት ነጥቦች ጥቂት ናሙና ስላላቸው፣ መስመሩን በጊዜው የመጀመሪያ አንድ አሥረኛ ላይ ብቻ መግጠም ይበቃል።

አንበጣና ራሱን የሚያንቀሳቅስ ቁስ

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በወሎ ማሳዎች ላይ የወረደውን የበረሃ አንበጣ የማያስታውስ ገበሬ የለም። ጤፍና ማሽላ የበላው መንጋ በፊዚክስ ዓይን ራሱን የሚያንቀሳቅስ ቁስ ከሚባለው ወገን ነው፤ እያንዳንዱ አካል ኢነርጂ እያቃጠለ ይጓዛል፣ አለቃ ሳይኖርም ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። ታማሽ ቪሼክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረቡት ሞዴል ይህን በሁለት ሕግ ብቻ ይገልጸዋል፦ በእኩል ፍጥነት ተጓዝ፤ የጎረቤቶችህን አማካይ አቅጣጫ ከትንሽ ስህተት ጋር ያዝ። ብዛቱ ሲጨምር ወይም ስህተቱ ሲቀንስ ሥርዓት አልባው ስብስብ ወደ ተሰለፈ መንጋ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ኩብኩባዎችን በቀለበት ቅርጽ ሜዳ ውስጥ አስገብቶ ይህንኑ አሳይቷል፦ ሲያንሱ ይበታተናሉ፤ በመካከለኛ ብዛት ተሰልፈው በድንገት አቅጣጫ ይቀይራሉ፤ ሲበዙ ሳይለውጡ ረጅም ጊዜ ይተማሉ።

ይህን ሲሙሌሽን በማንኛውም ላፕቶፕ መሥራት ይቻላል። 300 ቅንጣት፣ ጎኑ 5 የሆነ ሳጥን፣ የጎረቤት ክልል 1፣ ፍጥነት 0.03 መነሻ ይሁኑ። የሥርዓት መለኪያው የሁሉም አቅጣጫ ቬክተሮች ድምር ርዝመት በቁጥራቸው ተካፍሎ ነው፤ በተሰለፈ መንጋ ወደ 1 ይጠጋል፣ በተበተነው 0.06 አካባቢ ይቀራል እንጂ ዜሮ አይሆንም። በብዛት የሚታየው ስህተት አንግሎችን በቀጥታ ደምሮ ማካፈል ነው። የ350 እና የ10 ዲግሪ ተራ አማካይ 180 ይመጣል፤ መንጋው ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ወደ ኋላ ይዞራል። ሳይንና ኮሳይናቸው ለየብቻ ተደምሮ አንግሉ ከዚያ መውጣት አለበት። ሁለተኛው ስህተት በሳጥኑ ጠርዝ ማዶ ያሉ ጎረቤቶችን መርሳት ነው።

ደምና ሞለኪውል

ወባ ባለባቸው የወሎ ቆላዎች የደም ፊዚክስ ቅርብ ርዕስ ነው። ወደ 8 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ጤነኛ ቀይ የደም ሴል ከራሱ በእጅጉ በሚጠብ ቱቦ ተጣጥፎ ያልፋል። ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም የገባበት ሴል ግን ጥገኛው ሲያድግ እስከ አሥር እጥፍ ሊደርስ ይደድራል። ርዕሱን የመረጠ ተማሪ ከሕክምና ክፍል ተባባሪ አማካሪ ያስፈልገዋል፤ የሰው ደም ለመንካትም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ። ፈቃዱ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ማመልከቻው በመጀመሪያው ዓመት መግባት አለበት፤ በሁለተኛው ዓመት የጀመረ ተማሪ መረጃ ሳይሰበስብ ጊዜው ያልቅበታል።

በሞለኪውል ደረጃ የሚሠሩት የአቶሞችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የሚያሰላውን ግሮማክስ የተባለ ፕሮግራም ይጠቀማሉ። እያንዳንዱ እርምጃ 2 ፌምቶሴኮንድ ስለሆነ 100 ናኖሴኮንድ ለማየት 50 ሚሊዮን እርምጃ ያስፈልጋል፤ 50,000 አቶም ያለው ሥርዓት በተራ ላፕቶፕ ላይ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። በመሐል መብራት ይጠፋል። ፕሮግራሙ በየ15 ደቂቃው የደረሰበትን ስለሚያስቀምጥ ከዚያው መቀጠል ይቻላል፤ ፋይሉ ግን በየቀኑ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ አለበት። አንድ ሩጫም ውጤት አይባልም፤ ከተለያየ መነሻ ፍጥነት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተደግሞ ልዩነቱ ይታይ። ለዚህ ጊዜ የማይበቃ ከሆነ አነስ ያለ ፕሮቲን መምረጥ እንጂ ድግግሞሹን መተው አይገባም።