የሚቆርስላቸው የለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የቅዱስ ያሬድን በዓል ግንቦት 11 አክብረን ሰነበትን። እንደየዓመቱ ያሬድ ዛፍ ሥር ሆኖ ስላያት ትል ተሰበከ። ከዛፉ እኩሌታ ትደርሳለች፣ ትወድቃለች። ደግሞ ትጀምራለች። በመጨረሻ ትወጣለች። ሰባኪው "ልጆች፣ እንደ ትሏ ጽኑ! ሰነፍ አትሁኑ!" አለ። እልል ተባለ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ዓይኔ ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ ላይ ሲያርፍ ግን እጄ ቆመ።

ልጁን ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምረዋለሁ። 11 ዓመቱ ነው። ጥቅምት ላይ ትምህርት ስንጀምር እንቅልፍ ይጥለው ነበር። አንዴ መከርኩት። ሁለተኛ ተቆጣሁት። በሦስተኛው በጓደኞቹ ፊት አንበረከክሁት። "የእግዚአብሔርን ቃል የምትንቅ" አልኩት። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ጉልበቱ ላይ እንዳለም አንቀላፋ።

ነገሩን የሰማሁት በኋላ ከጎረቤታቸው ነው። አባቱ ሞቷል። እናቱ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ታሳድጋቸዋለች። አምስት ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። እሱ ማታ ማታ አስፋልት ዳር ሶፍትና ማስቲካ ይሸጣል። ቅዳሜ ገበያው ስለሚደራ እስከ አምስት ሰዓት ያመሻል። እሑድ ባዶ ሆዱን የሚያስቀድሰው እንደኛ ልጆች ራቱን በልቶ አድሮ አይደለም።

የዚያን ቀን ማታ የያሬድን ታሪክ እንደገና አነበብኩት። ሁልጊዜ ዘለን የምናልፈው ነገር አለ። ያሬድ አባት የሞተበት ልጅ ነበር። እናቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ዳዊት መድገም አቃተው። ተገረፈ። ሲገረፍ ጊዜ ሸሸ። ትሏን ያያት ከዱላ ሸሽቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነው። እኛ ትሏን ይዘን ዱላውን እንረሳለን። ሲመለስ መምህሩ እንደተቀበለውም እንረሳለን። በሩ ተዘግቶ ቢጠብቀውስ ኖሮ? እያለቀሰ እግዚአብሔርን ለመነ፣ ልቡናው ተከፈተለት። ዛሬ የምንቆምበት ዜማ ትምህርት አልገባው ካለ ልጅ የመጣ ነው።

ሰቆቃወ ኤርምያስ 4፥4 ላይ እንዲህ ይላል፦ "ሕፃናት እንጀራ ለመኑ፥ የሚቈርስላቸውም የለም።" ይህን ቃል ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! ነቢዩ እንጀራ የለም ብቻ ብሎ አላለፈም። የሚቆርስላቸው የለም ነው ያለው። ለሕፃን እንጀራ ፊቱ ማስቀመጥ አይበቃም፣ ቁጭ ብሎ የሚቆርስለት ሰው ይፈልጋል።

አባቶቻችን ይህ ገብቷቸው ነበር። የቆሎ ተማሪው ኮሮጆውን አንግቶ ደጅ ላይ "በእንተ ስማ ለማርያም" ሲል እናቶች ቁራሽ ይዘው ይወጣሉ። የራበው ልጅ ዳዊት እንደማይደግም ማንም አላስተማራቸውም፣ ያውቁታል።

ሐኪሞች የሚሉትም ከዚህ አይርቅም። ሕፃን ከተፀነሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ያሉት 1000 ቀናት አንጎሉ የሚገነባባቸው ናቸው። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ ቀንጭረው ተገኝተዋል። የቀነጨረ ልጅ ቁመቱ ብቻ አይደለም የሚያጥረው። ፊደል ለመለየት፣ የሰማውን ለመያዝም ሊቸገር ይችላል። በዚህ ላይ ቤት ውስጥ ጠብ ካለ፣ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ሰፈርና ትምህርት ቤት ከቀየረ፣ ወይም ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ ከሆነ፣ ልቡ ሁልጊዜ እንደደነገጠ ነው። ሰሌዳ እያየ ጆሮው በሩ ላይ ነው። እኛ ይህን "ፈዛዛ" እንለዋለን።

በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ቁርስና ምሳ ይመገባሉ። ከዚያ በፊት ክፍል ውስጥ በረሃብ ተዝለፍልፈው የሚወድቁ ልጆች ነበሩ። እግዚአብሔር ይመስገን። እሑድ ግን ትምህርት ቤት ዝግ ነው። እሑድ ልጆቹ የሚመጡት እኛ ጋ ነው። እኛስ ምን እንሰጣቸዋለን? የቃል ጥናት ፈተናና ተግሣጽ።

የሚያስለቅሰኝ ሌላም አለ። ከገጠር ያመጣናት የ12 ዓመት ልጅ በየጠዋቱ የልጃችንን ቦርሳ ተሸክማ ትምህርት ቤት በር ድረስ ታደርሰዋለች። እሷ በሩን አልፋ አታውቅም። ቤት ስትገባ ዕቃ ይጠብቃታል። እኛ ደግሞ ጾም አናስታጉልም፣ ጽዋ እንጠጣለን፣ ለልጃችን ልደት ኬክ እናዛለን። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጌታ "ከነዚህ ከታናናሾቹ አንዱን እንዳትንቁ ተጠንቀቁ" ሲል መላእክቶቻቸው ዘወትር የአብን ፊት እንደሚያዩ ነግሮናል። የዚያች ልጅ መልአክ ስለ ቤታችን ምን ይናገር ይሆን? ለማታ ትምህርት እንኳ ለምን አናስመዘግባትም?

እናንተ ልጆቻችሁን በጭንቅ የምታሳድጉ እናቶች፣ እናንተን እየወቀስኩ አይደለም። ልጄ ወደ ኋላ የቀረው በኔ ኃጢአት ነው አትበሉ። ስለ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ሲጠየቅ ጌታችን "እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም" ብሏል። ማታ ደክሟችሁ ስትገቡ "ዛሬ ምን ተማርክ?" ማለታችሁ ብቻ ለልጁ ትልቅ ነገር ነው። ማንበብ ባትችሉ እንኳ ደብተሩን ግለጡለት፣ ይንገራችሁ።

ያን ያንበረከክሁትን ልጅ ይቅርታ ጠየቅሁት። እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል አነሣሁት። እኔ ነበርኩ መውደቅ የነበረብኝ።

የሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ መብራት አለው፣ ወንበር አለው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባዶውን ይውላል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ከአለቃው ጋር ተነጋግሬያለሁ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ይከፈታል። ሒሳብና እንግሊዝኛ የምትችሉ ኑ። ዳቦና ሻይ ለማምጣት የፈቀዳችሁ እናቶች ለሰንበቴው ጸሐፊ ቀናችሁን ንገሩ። ማክሰኞና ሐሙስ ገና ሰው አልተገኘላቸውም።