ዝቃጭና ብስባሽ፦ አዲስ አበባ የሚበሰብስ ቆሻሻዋን የት ታደርሰዋለች?

በአዲስ አበባ የቤት ቆሻሻ የሚወጣው በማዳበሪያ ነው። ከረጢቱን ማለቴ ነው። የአፈር ማዳበሪያ ይዞ መጥቶ ባዶውን ሲቀር ስሙን እንደያዘ ቀርቷል። ውስጡ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የጫት ገረባ ይታጨቅበታል። ከከተማዋ ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንዲህ ያለ የሚበሰብስ ነገር ነው። ወደ አፈር ቢመለስ እህል ያበቅላል። አብዛኛው ግን ረጲ ያለው የቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼ፣ ሄዶ ይደፋል።

ሌላው የሚበሰብስ ቆሻሻ ከሽንት ቤት የሚወጣው ነው። ብዙው የአዲስ አበባ ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር ሳይገናኝ የኖረ ነው። ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል። መኪናው የመጠጠውን ወስዶ እንደ ኮተቤ ባሉ ማስወገጃዎች ይደፋዋል፤ እዚያም ማድረቂያ መደብ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። በመስመር የሚሄደው ፍሳሽ ደግሞ ዋና መድረሻው ቃሊቲ ነው። የቃሊቲ የድሮው ማጣሪያ ሰፋፊ ኩሬዎች ነበሩት። አቅሙ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ገደማ ነበር። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተሠራው አዲሱ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያክም ታስቦ ተገነባ። በኮንዶሚኒየም ሰፈሮችም ለየራሳቸው የተሠሩ ማጣሪያዎች አሉ።

ፍሳሽ ሲጣራ ውሃው ወደ ወንዝ ይሄዳል። ከሥር የሚቀረው ወፍራም ጭቃ ዝቃጭ ይባላል። በደንብ ታክሞ መሬት ላይ ለመዋል ሲበቃ ባለሙያዎች ባዮሶሊድ ይሉታል። ብዙ ሰው ስለ ማጣሪያ ሲያስብ የሚታየው የጠራው ውሃ ነው። ነገር ግን ውሃው በተጣራ ቁጥር ዝቃጩ ይበዛል። ከተማዋ ማጣሪያ ስትጨምር ዝቃጭም እየጨመረች ነው። የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያልታሰበበት ዝቃጭ ግቢ ውስጥ ተከምሮ ይቀራል።

እዚህ ላይ ነው የዕቅድ ነገር የሚመጣው። የሽንት ቤቱን ጉዳይ የሚይዘው የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። ደረቁን ቆሻሻ የሚይዙት የጽዳት አስተዳደሩና ቤት ለቤት የሚሰበስቡት ማኅበራት ናቸው። በጀቱም መኪናውም መሬቱም ለየብቻ ነው። ለዓመታት የደረቅ ቆሻሻ ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር ተደምሮ ሲሰበሰብ ቆይቷል። ሂሳቡ በአንድ ወረቀት ከመጣ፣ ቆሻሻውም በአንድ ዕቅድ መታሰብ ይችል ነበር። እኔ የማምነው ሁለቱ ተለያይተው ሲታሰቡ ሁለቱም እንደሚከስሩ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዝቃጭ እርጥብ ነው፤ ናይትሮጅን ይበዛበታል። ብቻውን ከተከመረ አየር አይገባውም፣ ይሸታል፣ ዝንብ ይሰበስባል። ገረባ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የሣር አጨዳና የእንጨት ፍቅፋቂ ደግሞ ደረቅ ናቸው፤ ካርቦን ይበዛባቸዋል። ብቻቸውን ለመበስበስ ረጅም ጊዜ ይወስድባቸዋል። ጥሩ ብስባሽ፣ ማለትም ኮምፖስት፣ የሚወጣው ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲኖር ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ክምሩም በራሱ ይግላል።

ሙቀቱ የዋዛ ጉዳይ አይደለም። ዝቃጭ ውስጥ የወስፋት እንቁላል አለ። አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ፀሐይ ላይ ስለደረቀ ብቻ ሞቷል ማለት አይቻልም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ደንብ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። በረድፍ የተከመረ ዝቃጭ ቢያንስ ለ15 ቀን 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ መቆየት አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 5 ጊዜ ይገላበጣል። ለዚህ ቴርሞሜትር፣ መዝገብና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ደረቅ ስለሆነ ብቻ ከማድረቂያ መደብ አፍሶ ጎመን ሥር መበተን ልጆችን ለበሽታ ማጋለጥ ነው።

ጉዳዩን በደንብ የሚያስተምረን ቆሼ ነው። ከተማዋ ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻዋን ረጲ ላይ ደፍታለች። ሰንዳፋ ላይ ሌላ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ገበሬዎቹ ውሃችንና ከብታችን ተበከለብን ብለው ተቃወሙ። በወራት ውስጥ ሥራው ቆመና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተናደ። ሥሩ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። የሚበሰብስ ነገር ያለ አየር ሲከመር ሚቴን ጋዝ ያወጣል፤ እርጥበት ይቋጥራል፤ ክምሩም እየላላ ይሄዳል። ስለዚህ ልጣጩን ከክምሩ ማስቀረት ከሰው ሕይወትም ጋር የተያያዘ ነው።

ከአደጋው በኋላ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ገደማ እንዲያቃጥል የታቀደ ነው። ግን እርጥብ እንጨት ያነደደ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል። መጀመሪያ የሚሄደው ሙቀት ውሃውን ለማትነን ነው። የእኛ ቆሻሻ ደግሞ አብዛኛው እርጥብ ነው። እርጥቡን ለብስባሽ መለየት ማቃጠያውንም ይጠቅመዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዝቃጩ ውስጥ ምን አለ የሚለው ነው። ዝቃጭ የገባበትን ይመስላል። ከመኖሪያ ሰፈር ብቻ የመጣ ከሆነ ዋናው ስጋት ተሕዋስያን ነው፤ ያ በሙቀት ይሞታል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮሚየም ከገባበት ግን ምንም ያህል ቢበስል አይጠፋም። የአቃቂ ወንዞች ይህን ለረጅም ዓመት አሳይተውናል። ትልቁም ትንሹም አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ያመራሉ። ዳርቻቸው ላይ በዚያው ውሃ ሰላጣና ጎመን ይለማል። አሜሪካም ውስጥ ሜይን የተባለው ግዛት በተፈጥሮ ቶሎ በማይበሰብሱት፣ ዘላለማዊ ኬሚካል በሚባሉት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2022 ዝቃጭን እርሻ ላይ መበተን ከልክሏል። እዚያ መሬት ከተበከለ በኋላ ነው የነቁት። እኛ ገና ከመጀመሪያው የኮንዶሚኒየሙን ዝቃጭ ፋብሪካ ከሚነካው ለይተን መያዝ እንችላለን። ሰፈር ውስጥ ያሉት ትናንሽ ማጣሪያዎች ለዚህ የተመቹ ናቸው።

ጥሩ ምሳሌ ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ አለ። እዚያ ላለው ሐበሻ ሩቅ አይደለም፤ የራሱም ቤት ፍሳሽ የሚሄደው ብሉ ፕሌይንስ ወደሚባለው ማጣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ዝቃጩን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ይቀቅሉታል። ከዚያ ትልልቅ ገንዳ ውስጥ ያብላሉታል። ከሚወጣው ጋዝ 10 ሜጋ ዋት ያህል መብራት ያመነጫሉ። የተረፈው ብሉም በሚል ስም ለአትክልተኛ ይሸጣል። የወጣበት ገንዘብ ብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር ስለሆነ ይህን እንዳለ እንቅዳ አልልም። ልንወስድ የሚገባን ስሙን ነው። ሰው ዝቃጭ አይገዛም፤ ስም ያለው፣ የተመረመረና የታሸገ አፈር ግን ይገዛል።

መለየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የጠላ አተላ ለከብት ይሄዳል እንጂ አይደፋም። ፍግ ጓሮ ይገባል። ጠርሙስና ጀሪካን ደግሞ ማንም ቆሻሻ ውስጥ አይጥልም፤ ቆራሌው እየተጣራ በበር ያልፋል። ሰው ጠርሙሱን የሚለየው መጥቶ የሚገዛው ስላለ ነው። ልጣጭ ግን ቆራሌ የለውም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ቆሻሻ በቤት እንዲለይ ይላል። ግን ሰው በቤቱ ለይቶ ያስቀመጠው ቆሻሻ መኪናው ላይ ተመልሶ ሲቀላቀል ካየ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አይለይም።

ስለዚህ ከየቤቱ መጀመር የሚያዋጣ አይመስለኝም። ኃይሌ ጋርመንት ያለው አትክልት ተራ፣ ከቄራ የሚወጣው ፈርስ፣ ጭማቂ ቤቶች፣ ሆቴሎች፣ ጫት ተራዎች ይቅደሙ። ብዙ፣ ንጹሕና በአንድ ቦታ የሚገኝ ነው። ፌስታልና ባትሪ ብዙም አይቀላቀልበትም። አንድ መኪና በአንድ ጉዞ ይሞላል።

ገዢውም መታሰብ አለበት። ብስባሽ ከባድ ነው፤ ሩቅ ከተጫነ ኪራዩ ዋጋውን ይበላዋል። የመጀመሪያው ገዢ ከተማዋ ራሷ ብትሆን ደስ ይለኛል። የኮሪደር ልማቱ ሣርና ዛፍ አፈር ይፈልጋል፤ የሚበላ ነገር ስላልሆነም ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስጋቱ ትንሽ ነው። ቀጥሎ የሆለታና የሰበታ የአበባ እርሻዎች፣ የችግኝ ጣቢያዎች አሉ። ከዚያ የምርመራው ውጤት አስተማማኝ ሲሆን ጤፍና ስንዴ የሚያመርተው ገበሬ ይከተላል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ ነው። ፋብሪካ የሚሠራው ማዳበሪያም የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው።

የቀረው የወቅት ነገር ነው። ማድረቂያ መደብ በክረምት አይሠራም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ መልሶ ያረጥበዋል። ስለዚህ ጣሪያ ወይም የአራት ወር ማቆያ ያስፈልጋል። ገበሬው ደግሞ ብስባሹን የሚፈልገው ከመዝራቱ በፊት፣ ግንቦት ላይ ነው። ክምሩ ለመብሰል ሦስት ወር ያህል ይወስዳል። በበጋው የደረቀ ዝቃጭ ጥር ላይ ከገረባና ከቅጠል ጋር ከተከመረ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ተነፍቶ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል።