ስፔሰር ምንድን ነው? የሮንዴላ ክምር ያልሆነው ነገር

«ክፍተቱን በሮንዴላ ሙላና እሰረው፤ ስፔሰር ማለት እሱው ነው።» ይህ ምክር ከሌላ ሞተር የመጣ ዲናሞ ወይም የኤሲ ኮምፕሬሰር ሊገጥም ለተነሳ ሰው በተሰጠ ቁጥር አንድ የዲናሞ ጆሮ፣ ማለትም ብሎን የሚያልፍበት ተቀጥላው፣ ለመሰበር ወረፋ ይይዛል።

ስፔሰር ሁለት ዕቃዎችን በተለካ ርቀት ለያይቶ የሚያቆም፣ የብሎኑንም ጭመቅ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ አጭር ምሰሶ ነው። ክፍተት መሙላት ብቻ ቢሆን ካርቶንም ይበቃ ነበር። ምሰሶ የሚያሰኘው ሸክሙ ነው፤ ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው።

ብሎን ዲናሞውን እንደ ሚስማር አንጠልጥሎ የሚይዝ የሚመስለው ብዙ ነው። ነገር ግን ብሎን ሲጠብቅ እንደ ጠንካራ ስፕሪንግ ይለጠጣል፤ ተመልሶ ለማጠር ሲታገል መሃሉ ያለውን ሁሉ ይጨምቃል። ዲናሞው ንቅንቅ የማይለው ከዚህ ጭመቅ በሚመጣው ፍትጊያ ነው። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 (የጥንካሬ ደረጃው) የተጻፈበት ኤም 10፣ ማለትም 10 ሚሜ ውፍረት ያለው ብሎን በ50 ኒውተን ሜትር ገደማ ሲጠብቅ ወደ 26 ኪሎ ኒውተን ይጨምቃል፤ በክብደት ቢታሰብ ከሁለት ቶን ተኩል በላይ ነው። የተለጠጠው ግን ኢምንት ነው። ጠቅላላ 30 ሚሜ ውፍረት የሚያስር ከሆነ 0.05 ሚሜ አካባቢ፣ ማለትም የአንድ ቀጭን ፀጉር ያህል ብቻ። ያ ፀጉር ከጠፋ ጭመቁም አብሮ ጠፋ።

«ታዲያ ሮንዴላስ ብረት አይደለም እንዴ?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ብረት ነው፤ ጣጣው ብዛቱ ላይ ነው። መደበኛው የኤም 10 ሮንዴላ 2 ሚሜ ነው ቢባልም ደረጃው ከ1.8 እስከ 2.2 ይፈቅዳል፤ ስለዚህ አምስቱ ሲደረደሩ ከ9 እስከ 11 ሚሜ መካከል የትም ሊያርፉ ይችላሉ። በፕሬስ ተመትቶ ስለሚወጣ አንድ ጠርዙ ስለታም ነው፤ አንዳንዱም መሃሉ ላይ ይጎብጣል። አምስት ሮንዴላ ስድስት መገናኛ ይፈጥራል። በየመገናኛው ስለታሙ ጠርዝና ቀለሙ ተጨፍልቆ አራት አራት ማይክሮን ቢሰምጥ በድምሩ 24 ማይክሮን ይሆናል፤ ማንም ቁልፍ ሳይነካው የብሎኑ ልጥጠት በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ «ብሎኑ በራሱ ላላ» ይባላል። አንድ ሮንዴላ ከብሎን ጭንቅላት ስር ቦታው ነው፤ ማንም አይከራከርም።

ነገሩን በጉልቻ ማየት ይቀላል። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ይጣዳል። አንዱ አጥሮ ጠጠር ቢሸጎጥበት ድስቱ ለጊዜው ይቆማል፤ ማማሰል ሲጀመር ግን ጠጠሩ ይሾልካል። ሞተር ላይ ያለ ዲናሞ ቀኑን ሙሉ ሲማሰል የሚውል ድስት ነው። ምሳሌው እዚህ ላይ ይጎድላል፤ ድስት ጉልቻውን የሚጫነው በራሱ ክብደት ብቻ ነውና። እንግዲያው ድስቱን በገመድ ከጉልቻዎቹ ጋር ጠፍሮ በሁለት ቶን የሚስብ ሰው ይጨመርበት። አሁን አጭሩ ጉልቻ ድስቱን ማዝመም ብቻ ሳይሆን ይሰነጥቀዋል፤ ድስቱ ሸክላ ነዋ! የዲናሞ ጆሮም የተቀዳ አሉሚኒየም ስለሆነ ከመታጠፍ ይልቅ መሰንጠቅ ይቀናዋል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ተትቶ «ሲጠብቅ ይገጥማል» ከተባለ ጆሮው ከሥሩ ይሰነጠቃል፤ ያውም በዚያኑ ዕለት ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚባለው ለዚህም ይሠራል፤ ስፔሰር ሞተር አያበረታም።

በነገራችን ላይ ከካርቡራተር ስር ያለው ወፍራም ጥቁር ቁራጭም ስፔሰር ይባላል፤ የሱ ዋና ሥራ ግን ሙቀት መከልከል ነው። ተሰነጠቀ ብሎ በአሉሚኒየም የሚያስቀርጽ ሰው የማኒፎልዱን (ከካርቡራተሩ ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ቱቦ) ሙቀት ወደ ቤንዚኑ ይጋብዛል።

ወደ ዲናሞው እንመለስ። ልኬት የሚጀምረው ዲናሞውን ከሚያዞረው ቺንጋ ነው። ዲናሞው ላላ ተደርጎ ይታሰርና ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ከክራንክ ሻፍቱ ፑሊ (ቺንጋው ከሚጠመጠምበት መዘውር) ተነስቶ እስከ ዲናሞው ፑሊ ይዘረጋል። የፑሊዎቹ ጠርዝ ውፍረት ከተለያየ ማስመሪያው ያታልላል፤ መገጣጠም ያለባቸው ቺንጋው የሚሄድባቸው መስመሮች ናቸውና የጠርዙ ልዩነት መቀነስ አለበት። ባለ ብዙ መስመር ጠፍጣፋ ቺንጋ በ30 ሴሜ ርቀት ከ1.5 ሚሜ በላይ መዛነፍ የለበትም። ካለፈ ይጮኻል፣ ጠርዙ ይተለተላል፣ አንድ መስመር ዘሎም ሊቀመጥ ይችላል። ፑሊዎቹ ከተስተካከሉ በኋላ በጆሮውና በመያዣው መካከል የቀረው ክፍተት የስፔሰሩ ርዝመት ነው። ካሊፐር የማይገባበት ቦታ ላይ የመሰርሰሪያ ፑንታ ጭራ መለኪያ ይሆናል፤ የ9ኙ ገብቶ የ9.5ቱ እምቢ ካለ ልኩ በሁለቱ መካከል ነው። የተሠራው ስፔሰር በመዶሻ ሳይሆን በጣት ተገፍቶ መግባት አለበት፤ ከገባም በኋላ መንቀጭቀጭ የለበትም። ከዚያ በፊት ግን የዲናሞው አንደኛው ጆሮ ውስጥ ተንሸራታች ቡኮላ (አጭር የብረት ቱቦ) መኖሩ ይታይ። ብዙዎቹ አላቸው፤ ዝገት ስለያዘው ብቻ የሌለ ክፍተት ያለ ያስመስላል።

ብረት በማሽን ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ከመሄድ በፊት የተጣለ ዕቃ ማየት ያዋጣል። የ6200 ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት ቀዳዳው 10 ሚሜ፣ ወርዱ 9 ሚሜ ነው፤ ሁለቱ ፊቶቹ በፋብሪካ ተስለው የወጡ ስለሆኑ ለኤም 10 ብሎን ሸጋ ስፔሰር ይወጣዋል። ጠንካራና ተሰባሪ ስለሆነ ግን ውጫዊው ቀለበት ሲሰበር በጨርቅ ይሸፈን፤ መነጽር ይደረግ። ሾክ አብዞርበር ጫፍ ካለው የጎማ ቡኮላ መሃል የሚወጣው የብረት ቱቦም ጥሩ ነው። ምናለሽ ተራ በኪሎ የሚገኝ ዓይነት ነገር ነው። የግማሽ ኢንች የውሃ ቱቦ በጥንካሬው አይታማም፤ ግን የውስጡ ስፋት 16 ሚሜ ገደማ ስለሆነ ኤም 10 ብሎን ላይ ይዋልላል፣ በመጋዝ የተቆረጠ ጫፉም ቀጥ አይልም። ግማሽ ሚሊ ሜትር የተዛባ ጫፍ ሸክሙን ሁሉ በአንድ ጠርዝ ላይ ያሳርፍና ብሎኑን ያጎብጠዋል።

ለቶርኖ ባለሙያው «10 ሚሜ ስፔሰር» ማለት አይበቃም። የውስጥ ቀዳዳ 10.5፣ የውጭ ስፋት 20፣ ርዝመቱ የተለካው፣ የአንድ ዲናሞ እኩል መሆን ያለባቸው ስፔሰሮች ልዩነት ከ0.05 ሚሜ ያልበለጠ። ስፋቱ 20 የሆነው በምክንያት ነው፤ 26 ኪሎ ኒውተኑ በ228 ካሬ ሚሜ ላይ ሲያርፍ 114 ሜጋ ፓስካል ይሆናል፤ ተራ ብረት እስከ 250 አካባቢ ስለሚችል ይበቃል። ውጩ 14 ቢሆን ግን ወደ 386 ይደርስና ይጨፈለቃል። አንዱ ፊት ይላጫል፣ ይበሳል፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር አስረዝሞ ይቆረጣል፣ ይገለበጥና ሁለተኛው ፊት እስከ ልኩ ይላጫል፤ ጠርዞቹ በትንሹ ይሰበራሉ። መጨረሻ ላይ «ትንሽ ረዘመ» ተብሎ በሞረድ የተነካካ ስፔሰር ቶርኖ የገባበትን ምክንያት አጣ። ርዝመቱ የስፋቱን ሦስት እጥፍ ካለፈ ስፔሰሩ ይተውና መያዣው እንደ አዲስ ይሠራ።

ፕላስቲክ ቀስ በቀስ ስለሚሰምጥ አይሆንም። ቀለም መቀባትም ቢቀር ይሻላል፤ አብዛኛው ዲናሞ ኔጋቲቩን የሚያገኘው በመያዣው በኩል ስለሆነ ባትሪ አልሞላ ሲል ጥፋቱ ከስፔሰሩ ሊሆን ይችላል። እንደ 3ኤል እና 5ኤል ባሉ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ደግሞ የፍሬን ማገዣው ቫኪዩም ፓምፕ የሚገኘው ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው። በቤንዚን ሞተር ዲናሞ የሚተካ ሰው ስፔሰሩን ከማሰቡ በፊት ፍሬኑን ያስብ።

ብሎኑም በስፔሰሩ ልክ መርዘም አለበት። ኤም 10 አሉሚኒየም ውስጥ ቢያንስ 15 ሚሜ ጥርስ መያዝ አለበት፤ ቀዳዳው ድፍን (መጨረሻው የተዘጋ) ከሆነ ደግሞ የብሎኑ ጫፍ የቀዳዳውን መጨረሻ እንዳይነካ ይለካ። በጃፓን መኪኖች ላይ የተለመደው ኤም 10 ከጥርስ እስከ ጥርስ ርቀቱ 1.25 ሚሜ ሲሆን የብረታ ብረት ሱቅ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ 1.5 ነው። ሁለቱ አንድ ሁለት ዙር ይግባባሉ፤ ከዚያ በኋላ በቁልፍ የተገፋው ብሎን የአሉሚኒየሙን ጥርስ ጠርጎ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በጣት ብቻ አምስት ዙር ይግባ።