ማራገቢያው ቅጣት አይደለም

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ሳይኮሎጂ ሳስጠና የማገኛቸው ስህተቶች ከስንፍና የመጡ አይደሉም። ቃሉ የታወቀ ስለሚመስል ትርጉሙን የያዙት ይመስላቸዋል።

«ሳይኮሎጂን የመሠረተው ፍሮይድ ነው።» ጀርመናዊው ቪልሄልም ቩንት በላይፕዚግ የመጀመሪያውን የሳይኮሎጂ ላቦራቶሪ ሲከፍት፣ እ.ኤ.አ. በ1879፣ ፍሮይድ ገና የ23 ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበር። በውሾች ምራቅ ሙከራው የሚታወቀውን ፓቭሎቭንም ሳይኮሎጂስት የሚሉት አሉ፤ ሰውየው ፊዚዮሎጂስት ነው፣ የ1904ቱን የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነው።

«አሉታዊ ማጠናከሪያ ማለት ቅጣት ነው።» በየፈተናው ነጥብ የሚያስጥለው ይህ ነው፤ መልሱ ግን ቤታቸው ጣሪያ ላይ ይሽከረከራል። ሙቀቱ ሲበረታ ማራገቢያውን ትከፍታላችሁ፣ ጭንቁ ቀለል ይላል፣ ነገ ደግሞ ሳያልባችሁ ቀድማችሁ ትከፍታላችሁ። የማይመች ነገር ስለተወገደ ባህርያችሁ ተጠናከረ ማለት ነው። «አሉታዊ» እዚህ ላይ የሂሳብ የመቀነስ ምልክት ነው እንጂ ክፋትን አያመለክትም። ቅጣት ግን የሚጨመርም ይሁን የሚቀነስ ባህርይን ያዳክማል።

«ለፈተና የሚቅሙ ጓደኞቼ ጥሩ ውጤት ያመጣሉ፤ ስለዚህ ጫት ይጠቅማል።» በዚህ ከተማ ይህን መከራከር ቀላል አይደለም! ምናልባት ግን ልጆቹ የሚለዩት ሌሊቱን ቁጭ ብለው በማንበባቸው ነው። የሁለት ነገሮች አብሮ መታየት (ዝምድና) ብቻውን መንስኤን አያሳይም። ለማረጋገጥ ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ማስቃም ይጠይቃል፤ ይህን የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይታየኝም።

«ዶሚናንት ጂን በሕዝብ ዘንድ የበዛው ነው።» ዶሚናንት ማለት ከጥንዱ ቅጂ አንዱ ብቻ ቢኖርም ውጤቱ የሚታይ ጂን ነው። ስድስተኛ ጣት ብዙ ጊዜ የሚወረሰው በዶሚናንት ጂን ነው፤ ከዚራ እስከ መጋላ ስንት ሰው ላይ አያችሁት? ሪሴሲቭ የሆነው፣ ማለትም በዶሚናንቱ የሚሸፈነው፣ የኦ ደም ደግሞ በዓለም ላይ በብዛት የሚገኘው ነው። የበላይነቱ በአንድ ሰው ውስጥ በተጣመሩት ሁለት የጂን ቅጂዎች መካከል እንጂ በቁጥር አይደለም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «የቁመት ተወራሽነት ወደ 80 በመቶ ስለሆነ፣ ከቁመቴ 80 በመቶው ከወላጆቼ፣ ቀሪው ከምግብ ነው» ይላሉ። ቁጥሩ ስለ አንድ ሰው ምንም አይናገርም፤ የሚለካው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ካለው የቁመት ልዩነት ምን ያህሉ ከጂን ልዩነት ጋር እንደሚያያዝ ነው። ከአንድ ጆንያ የማሽላ ዘር ዝገኑ፤ ግማሹን ሐረማያ ውሃ በማይጎድለው ማሳ፣ ግማሹን ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ባለ ደረቅ መሬት ዝሩት። በየማሳው አፈሩና ውሃው ለሁሉም እኩል ከሆነ፣ እዚያው ማሳ ውስጥ አንዱ አገዳ ከሌላው የሚበልጠው በዘሩ ነው፤ ተወራሽነቱ 100 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ሐረማያው በጅምላ ከድሬዳዋው ረዝሞ የታየው ግን በውሃው ነው። ለደረቁ ማሳ ቦይ ቢቀደድለት በቀጣዩ ዓመት ያው ዘር ቀና ብሎ ይበቅላል።