አኒማቲክ ምንድን ነው? «የሚንቀሳቀስ ስቶሪቦርድ» ግን አይደለም

«አኒማቲኩ አልቋል» ተብሎ የተላከ ቪዲዮ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስላይድ ሾው ነው። ሃያ ሥዕል፣ እያንዳንዱ ልክ 3 ሰከንድ፣ በየመሃሉ ፌድ (አንዱ እየደበዘዘ ሌላው የሚተካበት)፣ ከላይ የሚያምር ሙዚቃ። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ገጸ ባሕርዩ ስለሚጠጋ «ተንቀሳቅሷል፣ እንግዲህ አኒማቲክ ነው» ይባላል። አይደለም። አኒማቲክ የሚያሰኘው ስቶሪቦርዱ፣ ማለትም የአኒሜሽኑ ታሪክ በተከታታይ ሥዕሎች የተነደፈበት ረቂቅ፣ ከነድምፁ ታይምላይን (የኤዲተሩ የጊዜ መስመር) ላይ ገብቶ እያንዳንዱ ሾት (ሳይቆረጥ የሚታየው ክፍል) ስንት ፍሬም፣ ማለትም ስንት ነጠላ ምስል፣ እንደሚፈጅ መወሰኑ ነው። አንዲት መስመር ሳትነቃነቅ የተሟላ አኒማቲክ ሊሆን ይችላል።

ስቶሪቦርድ ምን እንደሚታይና ከየት አንግል እንደሚታይ ይናገራል፤ ስለ ጊዜ ግን ምንም አይልም። የሚያየው ሰው ፓነሎቹን (የስቶሪቦርዱን ሥዕሎች) በራሱ ፍጥነት ስለሚያልፍ የተንዛዛውን ዘሎት ይሄዳል፤ የጎደለውንም በሐሳቡ ይሞላል። ቤት ያሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ፕላን ወረቀት ላይ ሁልጊዜ ሰፊ ነው። ችካል ተተክሎ፣ ሲባጎ ተወጥሮ፣ ኖራ ሲሰመር ባለቤቱ መሬቱ ላይ ቆሞ «እዚህ አልጋ ከገባ በሩ በየት በኩል ሊከፈት ነው?» ይላል። ያኔ ችካል መንቀል ይበቃል፤ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ግን ማፍረስ ነው። አኒማቲክ ያ ኖራ ነው። ኖራን ደግሞ ማንም አያስጌጥም። አኒማቲኩ ላይ ጥላና ቀለም ሲጨምር የሚያድር ሰው ድካሙ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ ያሳመረውን ሾት ቆርጦ ለመጣል እጁ አይታዘዝለትም።

«እሱ የትልልቅ ስቱዲዮ ነገር ነው፣ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ጊዜ ማባከን ነው» የሚል አስተያየት ሰጪም አይጠፋም። ነገሩ ግልባጩ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሠራ አንድ ደቂቃ 1,440 ፍሬም ነው፤ እያንዳንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ቢቆይ እንኳ 720 ሥዕል ይጠይቃል። ስቱዲዮ የተሳሳተ ሾት ቢጥል ኪሳራውን ለብዙ እጅ ያካፍላል። ብቻውን የሚሠራ ሰው አራት ሰከንድ ሲጥል 48 ሥዕል ጣለ፣ የራሱን። ዘዴው የሶፍትዌር ፋሽንም አይደለም፤ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዲስኒ የስቶሪቦርድ ሥዕሎችን በፊልም ቀርጾ ከድምፅ ጋር ያይ ነበር፣ ሌይካ ሪል እየተባለ።

አንድ ሾት እንይ። አንዲት ሴት ለአንድ ሽማግሌ ከጀበና ቡና ትቀዳለች። ስቶሪቦርዱ ላይ ሦስት ፓነል ነው፦ ጀበናው ተነሣ፣ ቡናው ወረደ፣ ጀበናው ማቶቱ ላይ ተመለሰ። ጀማሪ ለእያንዳንዱ አንድ ሰከንድ ይሰጠዋል። እውነተኛ ጀበና አንሥቶ በስልክ ስቶፕዎች የለካ ሰው ግን መቅዳቱ ብቻ አራት ሰከንድ ሊፈጅ እንደሚችል ያያል። አራት ሰከንድ ሙሉ እየቀጠነና እየተጠማዘዘ የሚወርድ ፈሳሽ፣ ከነእንፋሎቱ፣ መሣል ደግሞ ከባድ ሥራ ነው። መፍትሔው የሚታየው እዚሁ ነው፦ ቡናው መውረድ እንደጀመረ ወደ ሽማግሌው ፊት ይቆረጣል፣ የመቅዳቱ ድምፅ ይቀጥላል፣ እሳቸው አንዴ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከ60 ፍሬም በኋላ የሞላው ሲኒ ይታያል። ታሪኩ አልጎደለም፤ ሥዕሉ ወደ ጥቂት ወረደ። ይህ ውሳኔ ከስቶሪቦርዱ ላይ አይገኝም።

ሰው የሚስተው በአብዛኛው በማሳጠር ነው። ከመቆም ወደ መቀመጥ በሁለት ፓነል ሲዘለል ግማሽ ሰከንድ የበቃ ይመስላል። አኒሜተሩ መዘጋጃውን፣ መውረዱን፣ ተቀምጦ መርጋቱን ሲያስገባ ግን 12 ፍሬም አይበቃውም፤ ገጸ ባሕርዩ እንደተወረወረ ጆንያ ይወድቃል። ስለዚህ ድርጊቱን ተነሥቶ መተወንና መለካት ነው፣ ሰው ቢስቅም።

ድምፁ በስልክ የተቀዳ ጊዜያዊ ንባብ ቢሆን ምንም አይደለም፤ ፍጥነቱ ግን እውነተኛ መሆን አለበት። አማርኛ ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ የሰሚው ምላሽ ከግሱ በኋላ ነው መምጣት ያለበት። ከእንግሊዝኛ ስክሪፕት ተተርጉሞ ሰዓቱ ሳይነካ በቀረ አኒማቲክ ላይ ሰውየው ገና «ልጅህ ትናንት ማታ ከ...» ሲባል ይደነግጣል፤ ከምን እንደሆነ ሳይሰማ። የድምፅ ፋይሉም በዌቭ (WAV) ይቀመጥ፤ ወደ ኤምፒስሪ (MP3) ሲቀየር መነሻው ላይ ትንሽ ዝምታ ይጨምራል፣ ከንፈር ከድምፅ ሲገጣጠም ያቺ ታስቸግራለች።

የፍሬም ቁጥሩ ከመጀመሪያው ይስተካከል። ብዙ የስልክ ኤዲተሮች በሰከንድ 30 ፍሬም ይከፍታሉ። በ30 የተሠራ አኒማቲክ ላይ ፍሬም 90 ማለት 3 ሰከንድ ነው፤ አኒሜሽኑ በ24 ከሆነ ግን ያው ቁጥር 3.75 ሰከንድ ይሆናል፣ እና ሾቶቹ አንድ በአንድ ከድምፁ ይንሸራተታሉ። በየሥዕሉ ጥግ የሾት ቁጥርና የፍሬም ቆጣሪ ይታይ። የሥዕል ፕሮግራሙ ክሪታም ሆነ የአኒሜሽን ፕሮግራሙ የብሌንደር ቪዲዮ ኤዲተር በነፃ ይገኛሉ፣ ለዚህ ይበቃሉ።

ሲያልቅ ስክሪፕቱን ላላነበበ ሰው፣ ምንም ሳይብራራለት፣ ማሳየት ነው። «ይሄ ማነው?» ያለበት ሰከንድ ይጻፍ። ከዚያ ርዝመቱ ይቆለፋል፤ ያለቀ ሾት በመጣ ቁጥር እዚያው ታይምላይን ላይ የፓነሉን ቦታ ይተካል።

ሙዚቃውን ግን እስከዚያ አለማስገባት ይሻላል። ጥሩ ዜማ የሞተ ሾትን ሕይወት ያለው ያስመስለዋል፤ ሾቱ ሲሣል ግን እንደሞተ ነው።