ዲፎልት ምንድን ነው?

ዲፎልት ማለት ተበዳሪ መክፈል የሚገባውን ዋና ብድር ወይም ወለድ በውሉ በተጻፈው ቀን፣ የእፎይታ ቀናት ካሉም እነርሱ እስኪያልፉ ድረስ፣ ሳይከፍል ሲቀር ነው። ካዝናው ባዶ ሆኗል፣ ባንኮች ይዘጋሉ ወይም አገር ፈርሷል ማለት አይደለም።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ግን «ኢትዮጵያ ከሰረች» የሚል ዜና ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር፣ እዚህ አዳማ የመኪና መለዋወጫ የሚነግዱ አንድ ጎረቤቴ የቁጠባ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ገንዘቤን ከባንክ ላውጣው?» አሉኝ። ስልካቸውን ተቀብዬ አነበብኩት። አራት መስመር ነው። ስንት ገንዘብ፣ ለማን፣ በየትኛው ውል የሚል ነገር የለበትም። ከሥሩ ግን የአንድ ትልቅ የውጭ ዜና ወኪል ስም ተጠቅሷል፤ ሰውን የሚያሳምነውም ይኸው ስም ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮ ቦንድ፣ ማለትም በውጭ ገበያ በውጭ ምንዛሪ የሚሸጥ የብድር ሰነድ፣ ሸጣለች። ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ ሲሆን የሚከፈለውም በየስድስት ወሩ ነው፤ የግማሽ ዓመቱ ሲሰላ 33 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይመጣል። ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሳይከፈል የቀረው ይህ ወለድ ነው። የ14 ቀናቱ የእፎይታ ጊዜም አለፈና ዲፎልት ተባለ። መንግሥት የሰጠው ምክንያት አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ለማስተናገድ ነው የሚል ነበር፤ ያበደሩን መንግሥታት ክፍያ ካዘገዩልን የቦንድ ባለቤቶች ብቻቸውን እየተከፈላቸው ሊቀጥሉ አይገባም ማለቱ ነው። ምክንያቱ ውሃ የሚቋጥር ነው። የውጭ ምንዛሪ እጥረቱም ያኔ እውነት ነበር። አንዱን ብቻ የሚነግር ዘገባ ግማሹን ደብቋል ባይ ነኝ።

ዲፎልት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2022 የውጭ ዕዳ መክፈል ስታቆም የውጭ ምንዛሪዋ ተሟጦ ሕዝቡ ለነዳጅ ይሰለፍ ነበር። በዚያው ዓመት ሩሲያ ዲፎልት ውስጥ የገባችው ገንዘብ አጥታ ሳይሆን ማዕቀቡ የክፍያ መንገዷን ስለዘጋባት ነው። አርጀንቲናን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ክፍያዋን ያገደባት የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ነበር።

ወደ ጎረቤቴ ጥያቄ ልመለስ። ዩሮ ቦንዱ መንግሥት በዶላር የገባው ዕዳ ነው፤ የእርሳቸው ቁጠባ ደግሞ ባንኩ በብር ያለበት ዕዳ ነው። የመጀመሪያው ሳይከፈል መቅረቱ ሁለተኛውን አያስቀርም። ሁሉም በአንድ ቀን ተሰልፎ ካላወጣሁ ቢል ግን ጤነኛውም ባንክ ይቸገራል፤ አራት መስመር ወሬ ይህን ያህል ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ «አያውጡ» አልኳቸው።

«ምንም አይነካዎትም» ማለት ግን ሌላ ውሸት ነው። ዲፎልት ውስጥ በገባ አገር የሚገኝ ባንክ የከፈተውን ኤልሲ (ባንኩ ለአስመጪው ሲል ለሻጩ እከፍላለሁ ብሎ የሚሰጠውን ዋስትና) የውጭ አቅራቢው በጥርጣሬ ያየዋል፤ አስቀድማችሁ ክፈሉ ወይም ሌላ ባንክ ዋስ ይሁን ይላል። ያ ወጪ በፍሬን ሸራው ዋጋ ላይ ይጨመራል። ከሁሉ የከበደው ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጣ። መንግሥት ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር በተስማማበት ማሻሻያ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር አልተነካም፤ የሚገዛው ዕቃ ግን አነሰ። «ከሰረች» ያለው ዜናም ሆነ «አትስጉ» ያለው መግለጫ ይህን አልነገሯቸውም።

ታዲያ ማንን እንመን? ኦፊሴላዊ መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ አርጀንቲና ለዓመታት የዋጋ ግሽበቷን አሳንሳ ስታወጣ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2013 ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ወቀሳ ደርሶባታል። ለተበዳሪዎች ዕዳ የመክፈል አቅም ደረጃ የሚያወጡት ፊች፣ ሙዲስና ኤስ ኤንድ ፒ የተባሉ ድርጅቶች በአብዛኛው የሚከፈላቸው ደረጃ ከሚወጣለት አካል ራሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ በፊት በቤት ብድር ላይ ለተመሠረቱ ብዙ ቦንዶች ከፍተኛውን ደረጃ ሰጥተው ነበር። የቦንድ ባለቤቶችም የሚናገሩት ለድርድሩ እንዲመቻቸው አድርገው ነው። እኔ አርእስቱ ሲያስፈራኝ መጀመሪያ የምከፍተው የገንዘብ ሚኒስቴርን የዕዳ ስታቲስቲክስ መጽሔትና የዓለም የገንዘብ ድርጅትን የአገር ሪፖርት ነው። ሁለቱም ለማንም ክፍት ናቸው፤ ቁጥራቸው ሲለያይ ልዩነቱ ራሱ ብዙ ያስረዳል።

የዋናው ብድር መክፈያ ቀን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደርሶ እርሱም ሳይከፈል አለፈ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ደግሞ አበዳሪ መንግሥታት 8.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ዕዳን ለማሸጋሸግ በመርህ ደረጃ ተስማሙ። የቦንድ ባለቤቶች ድርድር ከዚህ የተለየ ነው። አንዱ ዜና «ዕዳው ተሸጋሸገ»፣ ሌላው «ስምምነት አልተደረሰም» ቢል ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ስለሚችሉ መጀመሪያ የሚታየው ስለየትኛው አበዳሪ እንደሚያወሩ ነው።